ሰማይ የሚያሞቅ ቤት

ይድረስ ለልጄ፣ ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛ ለሆንከው፤ ፊደል በእርጅናዋ ከቆጠረች እናትህ። «ይህ ቤት ብርድ ነው» ብለህ ከሄድክ ወዲህ፣ ባትጠይቀኝም፣ ደህና ነኝ።

ነዳጅ እንዳያባክን ለሚታደስ ቤት ብቻ ገንዘብ የሚያበድር ማኅበር አለ። ሠራተኛዋ መጥታ እጇን በበሩ ክፍተት ላይ አድርጋ፣ «እማማ፣ የሚያሞቁት እኮ ሰማዩን ነው» አለችኝ። ቅጹን ራሴ ሞላሁ፤ የነዋሪ ብዛት በሚለው ላይ «ሁለት» ብዬ ጻፍኩ። የተነጠፈ አልጋህን አየችና፣ ብድሩን ለሁለት ሰው ፈቀደችልኝ።

አሁን የግድግዳው ቀዳዳ ተደፍኖ፣ መስኮቱ ድርብ መስታወት ሆኖ፣ ዝናቡ እንደ ሕልም ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። በየኮቴው «መጣ» እያልኩ መንቃቴም ቀርቷል። ክፍልህ ሞቋል። አዲሱ በር ግን ካልተዘጋ ሙቀቱ ያመልጣል አሉኝ።

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ስትመጣ ጠንክረህ አንኳኳ፤ ከእንግዲህ በሩን ገርበብ አድርጌ አልተኛም።