ተኝታ ሳለች ስልኳን ያነሳሁት እኔ ነኝ

ለአየር መንገዱ የበረራ ሠራተኞች ምደባ ክፍል
ለክቡር ዋና ኃላፊ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

ጉዳዩ፦ በረዳት አብራሪ ልጄ ላይ «ለመብረር ፈቃደኛ አልሆነችም» ተብሎ የተጻፈው ልክ አለመሆኑን፣ ስልኩን አንስቼ አልቀሰቅስም ያልኩት እኔ አባቷ መሆኔን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ዕድሜዬን በግንበኝነት የጨረስኩ፣ ሚስቴ የሞተችብኝ፣ ከአንዲት ልጄ ጋር የምኖር ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ከእሷው ደብተር ላይ ስለሆነ፣ ጽሑፌ ቢንጋደድ እንዲታለፍልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄጄ ነበር። ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ «አባባ፣ በእርጅና ምክንያት ሳላውቅ ያደረግሁት ነው ብለን እንጻፍ፣ አንጀት ይበላል» አለኝ። ሳላውቅ አላደረግሁትም አልኩት። «እንግዲያው ምን ብዬ ልጻፍልዎ?» ቢለኝ ወረቀቴን ተቀብዬ ወጣሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው።

2. ልጄ ስትቀጠር አውሮፕላኖቹ የሚነሱት ከእኛው ከተማ ነበር። ከቤት ወጥታ በእግሯ ትደርስ ነበር፤ ማስቲካ እያኘከች። ኋላ መሥሪያ ቤትዎ የአብራሪዎቹን መነሻ ወደ ትልቁ ከተማ አዛወረ። አብራሪ ይዛወራል፤ ቤት ግን አይዛወርም። ቤቱን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እናቷ ያረፈችውም እዚያው ነው። «አባዬ፣ እዚያ አንድ ክፍል እንከራይና አብረን እንግባ» ብትለኝ እምቢ አልኳት። እንግዲያው እኔን ትተሽ ሂጂ ብላት እሷም እምቢ አለች። ይህን ግትርነት ከማን እንደወረሰችው እናቷ ብትኖር ትነግራችሁ ነበር።

3. ስለዚህ ሥራ ያላት ቀን ዩኒፎርሟን በከረጢት አድርጋ፣ እንዳይጨማደድ እንደ ሕፃን ታቅፋው፣ ሁለት አውቶቡስ ለውጣ ትሄዳለች። በረራው ማለዳ ከሆነ ከዋዜማው ሄዳ፣ እንደ እሷ ከሩቅ የሚመጡ አብራሪዎች አዋጥተው የተከራዩት ክፍል ታድራለች። አልጋው በተራ ነው። አንዱ ሲነሳ ፍራሹ ሳይቀዘቅዝ ሌላው ይገባበታል። እንዴት ነው፣ ይመቻል? ብላት «አባዬ፣ እዚያ ክፍል የሚተኛ ሰው የለም፤ ሁላችንም ተራ ጠባቂ ነን» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

4. ደንባችሁ ከበረራ በኋላ ዕረፍት ይሰጥ ይላል፤ ደግ ደንብ ነው። ዕረፍቱ የሚቆጠረው ግን ከአውሮፕላን ከወረደች አንስቶ ነው። ስለዚህ ልጄ መናኸሪያ ቆማ አውቶቡስ ስትጠብቅ ዕረፍት ላይ ናት። የሰው ሻንጣ ጭኗ ላይ ተጭኖ ስትንገላታ ዕረፍት ላይ ናት። ጎማ ፈንድቶ ከተሳፋሪው ጋር መንገድ ዳር ስትቆም ዕረፍት ላይ ናት። ቤት ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ዕረፍቷ አልቋል። አንድ ቀን ፊቷን እየታጠበች ቧንቧው ላይ እንደተደገፈች እንቅልፍ ወስዷት አገኘኋት፤ ውሃው ይፈስሳል፣ ሳሙናው ፊቷ ላይ ደርቋል። ደክሞኛል ብለሽ አመልክቺ አልኳት። አመልክቶ የነበረ ባልደረባዋ እስካሁን ከበረራ ተነስቶ ቢሮ ውስጥ ወረቀት እያመላለሰ እንደሆነ ነገረችኝ። ሌላም ነገር ነግራኛለች። በአየር ላይ ስለሆነ ነገር ነው። እዚህ አልጽፈውም፤ ብጽፈው እሷን ትይዙበታላችሁ። ሆኖም ያንን ነገር ሰምቼ ስለነበር ነው በተራ ቁጥር 5 የማስረዳውን ያደረግሁት።

5. ስልኩን ያነሳሁ ዕለት ልጄ ረፋድ ላይ ከሥራ ገባች። ምሳ አቀርባለሁ ብዬ ዞር ስል ወንበሩ ላይ፣ አንድ እግሯ ከነጫማው፣ እንቅልፍ ጣላት። ብርድ ልብስ ደረብኩባት። ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። ለካ ተጠባባቂ ነበረች፤ ተጠባባቂ ማለት ሌላው ሲጎድል የሚጠራ ማለት ነው። ዝም አልኩት። እንደገና ጮኸ። ልጄ ንቅንቅ አላለችም። ድሮ ድመት ስትራመድ የምትነቃ ልጅ ናት፤ ስልኩ ጆሮዋ ሥር እየጮኸ ንቅንቅ አለማለቷ አስፈራኝ። ይዤው ጓሮ ወጣሁና አነሳሁት። ከእርስዎ ክፍል የምደባ ሠራተኛ ናት።

«ረዳት አብራሪዋን ፈልጌ ነበር።»

«አባቷ ነኝ።»

«አባባ፣ ጤና ይስጥልኝ፤ በረራ አለባት።»

«ተኝታለች።»

«ይቀስቅሷታ!»

«ልጄ፣ አባት አለሽ?»

«አለኝ፣ ምነው?»

«ይህች ልጅ አሁን ተነስታ በምታበረው አውሮፕላን ላይ ታሳፍሪዋለሽ?»

ከኋላዋ ሌሎች ስልኮች ሲጮኹ ይሰማኛል። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ እኔ ደውዪ የተባልኩትን ነው የምደውለው። ካልቀሰቀሷት በእሷ ላይ ነው የሚጻፈው» አለችኝ። ጻፊ፣ ተኝታለች ብለሽ ጻፊ አልኳት። ስልኩንም ወደ ቤት አላስገባሁትም፤ በጋቢዬ ጠቅልዬ እንጨት ማስቀመጫው ውስጥ አኖርኩት። የደወለችው ሠራተኛ ክፉ ሴት አይደለችም። በእሷ ላይ አቤቱታ የለኝም።

6. ተኝታለች ተብሎ ግን አልተጻፈም። የተጻፈው «በአባቷ በኩል ለመብረር ፈቃደኛ አለመሆኗን አሳውቃለች» ተብሎ ነው። ልጄ ምንም አላሳወቀችም፤ እያንኮራፋች ነበር። ማታ ስትነቃ «አባዬ፣ ስልኬ የታለ?» አለች። አምጥቼ ሰጠኋት። አየችው። «አባዬ፣ ምን አደረግክ?» አለችኝ፤ ጮክ ብላ እንኳ አይደለም። ከዚያ ያንኑ የቀረውን ጫማዋን አጎንብሳ አወለቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጉዳዩ በዲሲፕሊን ኮሚቴ እስኪታይ ከበረራ ታግዳለች። በደረሳት ደብዳቤ ላይ የመኖሪያዋ ርቀት የግል ምርጫዋ እንደሆነ፣ ከሥራ ልትሰናበት እንደምትችልም ተጽፏል። ኮሚቴው በሚቀጥለው ሳምንት ይቀመጣል።

7. ይህን በቃል ለማስረዳት እሷ በምትሄድበት መንገድ ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጥቼ ነበር። በሩ ላይ ዘበኛው «አባባ፣ ቀጠሮ አለዎት?» አለኝ። ባለጉዳይ ነኝ አልኩት። «ጉዳዩ የማን ነው?» የልጄ። «እንግዲያው ባለጉዳይዋ እሷ ናት፤ እርስዎ አይደሉም።» ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ ብዬ አስረዳሁት። ወደ ውስጥ ደወለ፣ አነጋገረ፣ ዘጋ። «አባት አያገባውም ብለዋል» አለኝ። ውሃ ሰጠኝና ጥላ ሥር አስቀመጠኝ። ስመለስ እኔ ሥራ ያልሠራሁ፣ ምንም ያላበረርኩ ሽማግሌ፣ አውቶቡሱ ውስጥ እንቅልፍ ጥሎኝ መውረጃዬን አለፍኩ። ቲኬት ቆራጩ ትከሻዬን ነቅንቆ «አባባ፣ የት ነበር የሚወርዱት?» አለኝ። ወርጄ ወደ ኋላ በእግሬ ስመለስ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄ ሥራዋን የምትጀምረው ያን ሁሉ መንገድ ከሄደች በኋላ ነው።

8. ልጄ ይህን ማመልከቻ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። «ይብስብኛል አባዬ፣ ተወው» ብላለች። ሊብስባት እንደሚችልም አውቃለሁ፤ ዝም ብል ግን በኮሚቴው ፊት ያላለችውን አለች ተብሎ ይነበባል። ቤቱን ለቅቄ ወደምትፈልጊው ክፍል አብሬሽ ልግባ፣ ዕቃውን ዛሬውኑ ልሸክፍ ብላት «አሁን ለምን?» አለችኝ። ያሳዝናል፤ ቀኑን ሙሉ መተኛት በምትችልበት በአሁኑ ጊዜ እንቅልፍ አጥታለች። ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ጣሪያውን ታያለች። ትናንት ሲጮህ ከመቀመጫዋ ዘልላ ተነሳች፣ ወደ ዩኒፎርሟም ተንደረደረች። የጎረቤት ሴት ናት የደወለችው፤ መሰላል ልትዋሰን።

ስለዚህ፦

ሀ. ቢያንስ ቃሉ እንዲታረምልኝ፣ ፈቃደኛ አልሆነችም የሚለው ተሰርዞ ተኝታ ነበር ተብሎ እንዲጻፍ፤

ለ. ቅጣት ካለ እኔ እንድቀጣ፣ ኮሚቴውም ቃሌን እንዲሰማ፤ ውስጥ መግባት ካልተፈቀደልኝ በር ላይ ቆሜም እናገራለሁ፤

ሐ. የመንገዱን ሰዓት ዕረፍት ብሎ መቁጠር እንዲቀር። ይህን የምለው ማንም ስለሚሰማኝ አይደለም፤ ሳልጽፈው ብቀር ስለማይሆንልኝ ነው።

ይህ ሁሉ የማይቻል ከሆነ፣ ክቡር ሆይ፣ የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም መጻፍ ከብዶኝ ሦስት ቀን አቆይቼዋለሁ። ልጄን ወደ ሥራዋ መልሷት። ስልኳን ሁለተኛ አልነካም። ቤት ውስጥ ሆና ካልሰማች፣ የቱንም ያህል ብትደክም፣ እንቅልፏ የቱንም ያህል ቢከብድ፣ ነቅንቄ፣ ውሃም ረጭቼ ቢሆን እቀሰቅሳታለሁ። ጫማዋን አስሬ እሸኛታለሁ። ይህን ግዴታ የምገባው ልክ ነው ብዬ አምኜበት አይደለም፤ ሥራዋ እንዳይቀርባት ነው፤ ስፈርምም በዚያ አውሮፕላን ላይ የሚሳፈረውን የሰው አባት እያሰብኩ ነው።

በሰላምታና በአክብሮት፣ ከስልኩ አጠገብ ሆኜ መልስዎን የምጠብቅ፣

የረዳት አብራሪዋ አባት
ግንበኛው
(ፊርማ)