የሽኮኮ ገዳይ ለሆንከው ለአባባ

አባባዬ፣

እንደ ደብዳቤ ወጉ «ለጤናህ እንደምን አለህ» ልልህ ብዕሬን አነሳሁና ሳቄ መጣ። ብትሰማኝ «ሞቼ ምን ጤና ትጠይቂኛለሽ፣ አንቺ ምላሳም» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ዘለልኩት። ከተለየኸን ወራት አለፉ። አንተ ስትሄድ አቧራ ይቦንበት የነበረው ከነሪ ወንዝ ማዶ ያለው ማሳ አሁን ሁለተኛ ጊዜ ተዘርቶ የበቆሎው ቡቃያ ብቅ ብሏል። ለምን ሁለተኛ ጊዜ እንደሆነ ቆይቼ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ወሬ አለኝ፤ እንዳትደነግጥ። አንበሳ ገድለሃል።

እኔም አላውቅም ነበር። በቀብርህ ቀን ነው የሰማሁት። የዕድራችን ዳኛ፣ የማሳችን ጎረቤት ጋሽ ወርቁ በዱላቸው መሬቱን እየወጉ «አንበሳ ገዳዩ!» ብለው ፎከሩልህ። በማግስቱ ጎሽ ጨመሩልህ። በሳልስትህ ልጅህ፣ አጎቴ ሽመልስ፣ ሆቴሉን ዘግቶ ሲመጣ ዝሆን ታከለ። አርባህ እስኪደርስ የማጎ ፓርክን አውሬ ጨርሰህ ወደ ኬንያ ልትሻገር ምንም አልቀረህም። እኔ ጥጌን ይዤ እሰማለሁ። ያቺን ጠመንጃህን አውቃታለሁ። አፈሙዟ ትንሿን ጣቴን እንኳ አያስገባም፤ እርሳሷ ከሽምብራ አትበልጥም። በሷ አንበሳ ቢመታ ቁንጫ ነው ብሎ ያካት ነበር።

አንተ የገደልከው ሽኮኮ ነው። ያቺን ጅራተ ረጅም፣ የተዘራ በቆሎ በመስመሩ ተከትላ እየቆፈረች የምትለቅም፣ ስትጠግብ ደግሞ እንደ ስብሰባ ተናጋሪ በሁለት እግሯ ቆማ የምታይህን። እኔና አንተ ከኩይሳው ጀርባ ተኝተን ስንጠብቃት፣ ውሻችን መቻል ጆሮውን አቁሞ ከእግራችን ስር ሲያለከልክ፣ ከአልዱባ ገበያ ከገዛኸው ቀንድ ባሩዱን በቀለሃ መስፈሪያህ ትሰፍራለህ፣ በአፈሙዟ ታፈሳለህ፣ ከአሮጌ ጋቢህ የቀደድካትን ጨርቅ ሞራ ቀብተህ እርሳሷን ትጠቀልላለህ፣ በዘንግህ ትጎሰጉሳለህ። በዘንጉ ላይ በጩቤ የቆረጥካቸው ሁለት ምልክቶች አሉ። የታችኛው አፈሙዟ ላይ ከዋለ ጎርሳለች፣ የላይኛው ከዋለ ባዶ ናት። «ጎርሳለች አልጎረሰችም ብለሽ ሰው አትጠይቂ፤ ዘንጉን ጠይቂ» ትለኝ ነበር። ከዚያ ባልጩቱ ብልጭ ይላል፣ ጭሱ ፊታችንን ይሸፍናል፣ መቻል ይሮጣል። እኛ ሽኮኮ ስለማንበላ ድርሻው ሁሌም የመቻል ነበር። ስትስት ደግሞ፣ ብዙ ጊዜም ትስት ነበር፣ በር ላይ ሆነህ ሰላምታ ሳትሰጥ «ዛሬ ሳትኩ» ትላለህ። ሌላው ሰው ቤቱ ሲገባ ኮፍያውን ያወልቃል፤ አንተ የሳትከውን ታወልቅ ነበር።

አሁን ስለ ተዝካርህ ልንገርህ። ጠላው ከተጠጣ በኋላ «ጠመንጃው ለባለቤቱ ይተኮስለት» ተባለ። ጋሽ ወርቁ «ለወዳጄ በገዛ እጄ» ብለው አጎረሷት። ዞር ሲሉ ሌላው ሽማግሌ ጋሽ ድንቁ መጡና እሳቸውም ለወዳጃቸው በገዛ እጃቸው አጎረሷት። አጎቴ ደግሞ ልጁ ነኝ ብሎ ሦስተኛ አጎረሳት። ማንም ማንንም አልጠየቀም። መጠየቅ ማለት አላውቅም ማለት ነዋ! ጠመንጃ ማጉረስን እንደ ማዕድ ጉርሻ አደረጉት፤ ሦስት ካልሆነ ያጣላል ያሉ ይመስል። ዘንጉን በአፈሙዟ ሰደድኩት። የታችኛው ምልክት ስንዝር ያህል ከአፈሙዟ በላይ ቆሞ ቀረ።

«ትፈነዳለች!» ብዬ ጮህኩ። «ዝም በይ፣ የወንዶች ነገር ነው» አሉኝ ጋሽ ድንቁ። አጎቴ ጋቢውን እስኪያደገድግ ጠመንጃዋ የዳሱ ምሰሶ ላይ ተደግፋ ነበር። አባባ፣ ምን ላድርግ? አጠገቤ የነበረውን የጠላ ማንቆርቆሪያ አንስቼ በአፈሙዟ ገለበጥኩት።

የነበረውን ጩኸት ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ። እሱንም እርግጠኛ አይደለሁም። ብልግናዬን ሲዘረዝሩ እኔ ቁጭ ብዬ የቡሽ መንቀያ በሚመስለው ብረትህ የጎረሰችውን ሁሉ አወጣሁ። የጋቢ ቁራጭ፣ የአጎቴ ሶፍት፣ የጋሽ ድንቁ መሀረብ። አጥቤ አለማስጣቴ ጨዋነቴ ነው። «ልጅ በሽማግሌ መሃል አይገባም» ብለው ዘጉት። ወዲያው ደግሞ ጠመንጃዋ ለአጎቴ ትሁን ተባለ፤ ሆቴሉ ግድግዳ ላይ ትሰቀል፣ «አንበሳ የተገደለበት» ተብሎም ይጻፍባት።

እዚህ ላይ አልቻልኩም። ተነስቼ «አባባ አንበሳ አልገደለም፤ ሽኮኮ ነው የገደለው!» አልኩ። አጎቴ ዓይኑ ቀላ። «አባቴን በሰው ፊት አዋረድሽው» አለኝ። በምኑ ነው ያዋረድኩህ? አንበሳ መቼ መጥቶ በቆሏችንን በላ? ከብት አልነበረንም፤ ግንባር ቀደም ጠላታችን ይቺው ጭራዋን የምትቆላ ናት። ያበላኸን እሷን ጠብቀህ ነው። ለማላውቀው አንበሳ ገዳይ የማለቅሰው እንባ የለኝም።

እናም ተሰቀለች። ወደ ሙርሲ የሚያልፉ ፈረንጆች ስሯ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ነገር ግን ዘንጉንና ቀንዱን ደብቄ ነበር። አጎቴ በዘንጉ ቦታ የመጋረጃ ዘንግ ሰክቶባታል፤ አንድም ሰው አላወቀበትም።

ዝናቡ መጣና ዘራን። ሽኮኮዎቹም መሞትህን ሰምተዋል መሰለኝ ከነዘመዶቻቸው መጡ። በወንጭፍ ሞከርኩ፣ ቆርቆሮ ደበደብኩ፣ ካፖርትህን ለእንጨት አልብሼ አቆምኩ። አንዷ ትከሻህ ላይ ወጥታ በቆሎዬን በላች። ከዘራነው መስመር የቀረው ጉድጓዱ ብቻ ነው። የጋሽ ወርቁም ማሳ እንደዚያው። አንተ ስትተኩስ ለካ የሳቸውንም ትጠብቅ ነበር።

አንድ ማለዳ ጋሽ ወርቁ አጥራችን ስር ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ያቺ… ነገርዬ… ብትመጣ ታውቂባታለሽ አይደል?»

«የቷ ነገርዬ? አንበሳ የተገደለበት?»

«አንቺ ልጅ፣ ተይ እንጂ!»

«ለአንበሳ ከሆነ አላውቅበትም ጋሽዬ። ለሽኮኮ ከሆነ አውቅበታለሁ።»

ዳኛው ከጠየቁት አጎቴ እንቢ እንደማይል አውቃለሁ። ስለዚህ ዘንጉን ሳላወጣ ውሌን ተናገርኩ። በቀብርህ እንደፎከሩት ሁሉ፣ በዕድሩ ስብሰባ፣ በሰው ፊት፣ ስለ እውነቱ ይፎክሩ። ጋሽ ወርቁ ዱላቸውን አየት አደረጉ። «ዕድሜ ልኬን ለሽኮኮ ፎክሬ አላውቅም» አሉ። «ይለመዳል» አልኳቸው።

ማንጎው ስር ዕድርተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ጋሽ ወርቁ ተነሱ፣ ላብ በላብ ሆነው።

«ገዳይ! ገዳይ! የሽኮኮ ገዳይ! በሽምብራ እርሳስ ጉድጓድ አፍ ላይ ጣይ! የኔን ቡቃያ ከራሱ ሳይለይ!»

እኔማ ይሳቅብሃል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ አቶ ኢሳያስ፣ ያ የአሪ ተወላጁ ጓደኛህ፣ ፕሮቴስታንት ነኝ ብሎ ፉከራ ሲሰማ ፊቱን የሚያዞረው፣ ተነስቶ አጨበጨበ። «እውነት ነው! የኔንም ማሳ እሱ ነው ያቆየልኝ» አለ። ሌላም ሰው «የኔንም» አለ፣ ሌላም። ሳቁም መጣ፣ ግን ሰው ወዳጁን ሲያስታውስ የሚስቀው ሳቅ ነው። አጎቴ ብቻ ተነስቶ ሄደ። ቢሆንም በማግስቱ ጠመንጃዋ መጣች፣ ከነመጋረጃ ዘንጓ፤ እኛም ሁለተኛ ጊዜ ዘራን።

ትናንት ማለዳ ከኩይሳው ጀርባ ተኛን፤ እኔ፣ መቻልና ቀንድህን የተሸከሙት ጋሽ ወርቁ። «እንዲህ ነው የሚጎሰጎሰው?» ሲሉኝ ማየት ነበረብህ። ዘንጉን ጠየቅኩት፤ የታችኛው ምልክትህ ላይ ዋለ። ተኮስኩ። ጭሱ ሲገለጥ ሽኮኮዋ ቆማ ታየኛለች። ሳትኩ። እንደገና አጎረስኩ። በሁለተኛዋ ወደቀች፤ መቻልም ድምፅህን እንደሰማ ሁሉ እየዘለለ ሄደ።

ገና ከተማ ሳንገባ ጋሽ ወርቁ ላገኙት ሁሉ «በአንዲት ጥይት ሦስት ጣለች!» ይላሉ። መንገድ ላይ አቆምኳቸው። «አንድ ነው ጋሽዬ። አንዴም ስቻለሁ» አልኳቸው። በሩ ላይ ስደርስም፣ ማንም ባይኖርም፣ ሰላምታ ሳልሰጥ መሳቴን ተናገርኩ።

አጎቴ በቆሎው ሲደርስ ጠመንጃዋን መልሼ እሰቅላለሁ ብሏል። ይምጣና ይውሰዳት። ያንን የአንበሳ ጽሑፍ እስኪያነሳ ድረስ ግን ዘንጉን አያገኘውም፤ ሽማግሌ ቢልክብኝ፣ ሽማግሌዎቹን ሁሉ ማሳ ጠባቂ አደርጋቸዋለሁ።

አንተን ግን አባባዬ፣ እንደ ምልክትህ ልክ፣ ጣት ሳልጨምር ጣት ሳልቀንስ አስታውስሃለሁ። ብዙ ሽኮኮ ገደልክ፤ ብዙም ሳትክ።

ምላሳሟ የልጅ ልጅህ
ከጂንካ