እግርሽን የደበቅሁበት ሠርግ

እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሰው ስምሽን ሲያነሣ «አፈሩ ይቅለላት» ይላል። እኔ ግን ይህን ማለት ይከብደኛል። በሕይወት ሳለሽ አፈር መች ቀለለሽ? ከልጅነትሽ ጀምሮ በባዶ እግርሽ ያረምሽው፣ ያጨድሽበት የአገራችን የግምጃ ቤት ቀይ አፈር አይደል እግርሽን አሳብጦ ሰዉ «ዝሆኔ» እያለ እንዲሸሽሽ ያደረገው?

ቤቱ ደህና ነው። የጓሮውን የዲከረንስ ዛፍ በሽታ መታውና ወንድሜ አለምነው ነቅሎ ድንች ተከለበት፤ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። እኔ እዚያው እንጅባራ አስተምራለሁ። ሴት ልጅ ወልጃለሁ። ገና ጥርስ አላወጣችም፤ ስትስቅ ግን ዓይኗን የምትጨፍነው እንዳንቺ ነው።

ይህን የምጽፍልሽ ግን የቤቱን ወሬ ልነግርሽ ብቻ አይደለም። በቁምሽ ይቅርታ ያልጠየቅሁሽ ነገር አለ።

ሠርጌ ሲቆረጥ ዳንግላ ያሉት የባለቤቴ ዘመዶች ስላንቺ ጠየቁኝ። ዝሆኔ በዘር ይተላለፋል የሚባለውን ታውቂዋለሽ። ፈራሁ። «እናቴ ልቧን ያማታል፤ ከአልጋ አትወርድም» አልኋቸው። ሠርጉም በአጎቴ ቤት ዳንግላ ተደገሰ። አንቺ እየተራመድሽ፣ ውኃ እየቀዳሽ፣ እኔ አልጋ ላይ አስተኛሁሽ። የፈተልሽውን ጋቢ በአለምነው እጅ ላክሽልኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመጣ ደጅ ተቀብለሽ «ደህና ነሽ? ምነው ከሳሽ?» ብቻ አልሽኝ። ሁሉን ሰምተሽ እንደነበር አለምነው ነግሮኛል። ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ክረምት እንዳንቺ እግሯ ያበጠው ጎረቤታችን አስካል ሞተች። የእድሩ ሰዎች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ቀሩ። አንቺና ሁለት ሴቶች ብቻ ገብታችሁ አጥባችሁ ገነዛችኋት። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሰው ሆንሽ።

የእድሩ ስብሰባ ላይ ነበርሁ፤ ለክረምቱ ዕረፍት መጥቼ። እግራቸው ያበጠ ሰዎች ለቅሶ ቤት ከድንኳኑ ውጭ ይቀመጡ ነበር፤ ምግባቸውም በተለየ ሳህን ይወጣላቸው ነበር። ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያከብረው ሕግ። አንቺ ተነሣሽ። መጀመሪያ በአገውኛ ተናገርሽ፤ ከወረዳ የመጣው ሰው እንዲሰማ ደግሞ በአማርኛ ደገምሽው።

«እግሬ ያበጠው ጫማ መግዣ አጥቼ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እዚህ አለች፣ ጠይቋት፤ አይጋባም። ድህነቴን እርግማን አላችሁት። በሐዘናችሁ ሁሉ አልቅሻለሁ። ለምንድን ነው ከድንኳን ውጭ የማለቅሰው?»

አንድ ሽማግሌ «በይ ተቀመጪ» አለሽ።

«መቀመጥማ ስቀመጥ ኖርሁ» አልሽው።

እኔ ከኋላ ነበርሁ። ሰው ዞሮ እንዳያየኝ አንገቴን ደፋሁ። ይህንንም ይቅር በይኝ።

በዚያ ቀን ማንም እሺ አላለሽም። አንቺ ግን በየገበያው ቀን ሳፋና ሳሙና ይዘሽ መውጣት ጀመርሽ። ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቁጭ ብለሽ ቀሚስሽን ሰብስበሽ እግርሽን ታጥቢያለሽ፤ በጣቶችሽ መካከል ታደርቂያለሽ፤ ቅባት ትቀቢያለሽ። የሳቀብሽ ነበር፤ የተፋብሽም ነበር። ቀስ በቀስ ግን በየቤቱ የተደበቁት መጥተው አጠገብሽ መቀመጥ ጀመሩ።

ለእግርሽ የሚሆን ጫማ ፍለጋ ዳንግላ የሄድሽ ጊዜ የጋሪ ነጂው አላሳፍርም ብሎሽ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ በእግርሽ ሄድሽ። ጫማ ሰፊው ኑሩ ግን ተንበርክኮ እግርሽን በእጁ ይዞ ለካሽ። ከአባዬ ሞት ወዲህ እግርሽን የነካ ሰው እሱ ብቻ እንደነበር የነገርሽኝ እያለቀስሽ ነበር። ከዚያ የሌሎቹን ልክ በገመድ እየለካሽ ትወስጅለት ጀመር። ከጥርባ ሐይቅ ማዶ ሳይቀር እየመጡ ይጠሩሽ ነበር። የወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ስንት ቀን ዋልሽ! ሳሙናውና ቅባቱ ለሕመምተኞች በጤና ኬላው እንዲሰጥ እስኪፈቅዱ ድረስ አልተመለስሽም። እድሩም በሦስተኛው ዓመት ድንኳኑን ከፈተ። እኔን ግን አንድም ቀን ነይ አግዢኝ አላልሽኝም።

የቀብርሽ ዕለት ድንኳኑ መሐል የተቀመጡት እግራቸው ያበጠው ሰዎችሽ ነበሩ። ቦታ ሳይበቃ ሲቀር ሌላው ሰው ተነሥቶ ለቀቀላቸው። አማቴም ከዳንግላ መጥታ ነበር። ዙሪያዋን አየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እነዚህ ምንሽ ናቸው? እናትሽን የገደላት ልቧ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

ባለቤቴ እውነቱን ካወቀ ቆይቷል፤ እሷ ግን አልሰማችም ነበር። እንደገና መዋሸት እችል ነበር፤ ቃሉ አፌ ላይ ነበር።

«እናቴ ዝሆኔ ነበረባት። እነዚህ ሰዎቿ ናቸው። ስለ ልቧ የነገርኋችሁ ውሸት ነው» አልኋት፤ ዙሪያችን ያለው ሰው በሚሰማው ድምፅ።

አማቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እስከ ዛሬ ቤቴን አልረገጠችም፤ የልጅ ልጇንም አላየችም። ያማል፤ አልዋሽሽም። ግን ያን ቀን ከተናገርሁ ወዲህ እንቅልፌ ደህና ነው።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ግምጃ ቤት እወርዳለሁ። ከሕመምተኞቹ ጋር ተቀምጬ እግራቸውን አጥባለሁ። የሌላ ሰው እግር ሳጥብ ያንቺን አንዴም ሳላጥብ መቅረቴ ይቆጨኛል። ባለፈው ወር እድሩ ለለቅሶ ቤት ሊጥ የሚያቦኩ ሴቶችን ሲመርጥ ከሕመምተኞቹ አንዷን፣ ፋንታዬን፣ መረጣት። እንጀራው ቀረበ፤ ሰዉም በላ።

እማዬ፣ ፎቶዎችሽ ሁሉ ከወገብ በላይ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ገበያ ላይ ያነሣችሽ አንድ ብቻ ሙሉ ቁመትሽን ያሳያል። አሳድጌ አሳጥቤ እንጅባራ ሳሎኔ ውስጥ፣ እንግዳ ከበር እንደገባ በሚያየው ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ። ማን ናት ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ነገ ደግሞ ለልጄ፣ ስምሽን፣ ሕመምሽንና ሥራሽን አንዱንም ሳላስቀር እናገራለሁ። እስክሞት ድረስ።

ልጅሽ