ወተቱን ያየች ዓይን

ሐሙስ፣ ጥር ፲፮ ቀን ፲፰፻፶፬ ዓ.ም.

ቡዳ አለችኝ። በሰው ፊት፣ ምንጩ ዳር፣ እንስራዬን እንዳዘልሁ። እትየ በላይነሽ! የእጮኛዬ እናት፣ እስከ ትናንት «ልጄ» ስትለኝ የኖረች ሴት።

«ይች ልጅ ወተት ካየች ቅቤ አይወጣም! ፊደል የቆጠረ ዓይን ለወተት አይሆንም!»

እንስራው ከጀርባዬ እንዴት እንዳልወደቀ አላውቅም።  

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበር። ዳዊት አስደግሞኝ፣ ከመሞቱ በፊት ባሕረ ሐሳብ፣ የዘመኑን ቁጥር፣ እንድማር ለየኔታ የሰጠኝ እሱ ነው። ለካ ወንጀሌ ይኸው ኖሯል።

እናቴ የቀረውን ወሬ ይዛ ገባች። እጮኝነቱ ፈርሷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎች ወይራው ሥር ይቀመጣሉ። ከተፈረደብኝ ከአገር እወጣለሁ። «ዝም በይ፣ ይረሳል» ትለኛለች። አልልም።

ዓርብ፣ ጥር ፲፯

ውሸት ከሆነ በቁጥር ይወድቃል ብዬ ተነሣሁ። እናቴን ቤት ለቤት ላክኋት። ባለፈው ሳምንት ማን ወተት ገፋች? ቅቤው ወጣ ወይስ እምቢ አለ? ወተቱን እኔ አይቼው ነበር?

ዐሥራ ሁለት ቤት።
ወተቱን ካየሁበት ስድስት ቤት፣ በአራቱ ቅቤው እምቢ ብሏል።
ካላየሁበት ስድስት፣ በሁለቱ እምቢ ብሏል።

ሦስት ጊዜ ቆጠርሁ። አራትና ሁለት። እጥፍ! በገዛ እጄ፣ በአባቴ ቀለም ጻፍሁት።

ገበቴ ውስጥ ውኃ አድርጌ ዓይኔን አየሁት። ያው የማውቀው ዓይን ነው። ሰው ሳያውቀው ቡዳ ይሆናል እንዴ? እህል አልቀመስሁም፤ ስለ ጾሙ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጥር ፲፰

የኔታ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። «ነይ፣ ቡዳዪቱ» አሉ። «እኔን ግን አትብይ፤ አጥንት ብቻ ነኝ።»

አልሳቅሁም። ቁጥሩን አሳየኋቸው።

«ዓይንሽ ምንም የማያደርግ ቢሆን፣ ስድስቱ እምቢታ እንዴት ይከፈል ነበር?»

«ሦስት ካየሁት፣ ሦስት ካላየሁት።»

«ሁልጊዜ?»

ቁጥሩን እንደገና አየሁት።

«መሬት በዕጣ ሲካፈሉ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ለሙ የሚደርሰው ሰው አለ። ሌባ ነው እንበለው?»

ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ራሱ መጣልኝ፤ ዕጣ ብቻውን ምን እንደሚያመጣ በእህል ፍሬ ልሞክረው። ስድስት ባቄላና ስድስት ሽንብራ ላመጣ ስል ከለከሉኝ። «እጅሽ ይለየዋል። እጅ ደግሞ ያዳላል።» ስለዚህ ዐሥራ ሁለት የገብስ ፍሬ ወሰድሁ፤ ስድስቱን ቀለም ነክሬ ፀሐይ ላይ አደረቅሁ። ጥቁሩ እምቢ ያለው ወተት ነው። ቅል ውስጥ ጨምሬ፣ አናውጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ስድስት አወጣለሁ። የወጡት እኔ ያየኋቸው ይሁኑ።

«ቆይ!» አሉ። «ሳታወጪ ተናገሪ። አራት ጥቁር መውጣቱ ምን ያህል ብርቅ ቢሆን በራስሽ ትፈርጃለሽ? ከወጣ በኋላማ ሁሉም ሊቅ ነው።»

«ከሃያ ጊዜ አራት ጥቁር ወይም ከዚያ በላይ አንዴ ብቻ ከመጣ፣ በእግሬ ከአገር እወጣለሁ» አልሁና ማልሁ። አፌ ቀደመኝ።

ሦስት። ሁለት። አራት! ሦስት። ሦስት። አምስት!  ሃያውን ስጨርስ ስድስቱ አራትና ከዚያ በላይ ሆነው ተገኙ። ማንም ሳያያቸው! ቡዳ ያልደረሰበት ገብስ! ዕጣ ብቻውን ይህን ያህል ሰው እንደሚያሳስት አላውቅም ነበር። እየሳቅሁ እንባዬ ወረደ።

የኔታ አልሳቁም። «ንጹሕ ነሽ አላልሁም። በዚህ ቁጥር አይፈረድብሽም ነው ያልሁ። ሁለቱ ይለያያሉ።»

ይህ ቃል እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

እሑድ፣ ጥር ፲፱

ወይራው ሥር የገብሱን ነገር ተናገርሁ። እትየ በላይነሽ ብድግ አለች። «ገብስ ይታለባል እንዴ?» ሰው ሁሉ ሳቀ። ክፋቱ፣ እኔንም ሊያስቀኝ ነበር።

ፍርዱን የሚመሩት ጭቃ ሹም ጢማቸውን እየጎተቱ፣ «ቡዳ ለቅቀን ወተታችን ቢደርቅስ?» አሉ።

«ንጹሕ ሰው አባርራችሁ ቢሆንስ?» ብዬ ጮኽሁ። እናቴ ነጠላዬን ጎተተችኝ።

የኔታ ተነሡ። «ሁለቱም ስሕተት ነው። ወተት ነገም ይታለባል፤ የተባረረ ሰው ግን አይመለስም። እንፈትናት።»

የተስማማነው እንዲህ ነው፦
ነገ ማለዳ ዐሥራ ሁለት መግፊያ ቅል ከነወተቱ ጭቃ ሹሙ ቤት ይመጣል።
የማየውን ስድስት ቅል የኔታ በዕጣ ይለያሉ።
ከመጋረጃ ጀርባ አያለሁ፤ ከየኔታና ከእኔ በቀር የትኛውን እንዳየሁ ማንም አያውቅም።
ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ያልወጣ ቅቤ እምቢ እንዳለ ይቆጠራል።

ዕጣ ብቻውን ከሃያ አንዴ የሚያመጣው ዓይነት ብርቅ ከታየ እወጣለሁ። በሁሉ ፊት ደገምሁት።

ሰኞ፣ ጥር ፳

ስድስቱን ቅል እየከፈትሁ ትክ ብዬ አየሁ። ዓይኔን አልሰበርሁም። ሴቶቹ ቅላቸውን ወስደው መግፋት ጀመሩ። እኔ አጥሩ ሥር ተቀመጥሁ። 

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የኔታ ያየኋቸውን ቅሎች ዝርዝር ከዳዊታቸው ማኅደር አወጡ። እምቢ ያለው አምስት ነው። ካየሁት አንድ። ካላየሁት አራት!

ከአራቱ አንዱ የእትየ በላይነሽ ቅል ነው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ጭቃ ሹሙ፣ «ለማባረር የሚያበቃ ነገር አልተገኘም» አሉ። ንጹሕ ናት አላሉም። ቢሆንም ዛሬ እቤቴ አድራለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር ፳፩፣ ማርያም

ዛሬ የደነገጥሁት ከሐሙሱ ይብሳል። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሴቶቹ ከበቡኝ። «እኅቴ፣ ነገ ቅሌን እይልኝ!» «መጀመሪያ የኔን!» ያየሁት ወተት ቅቤው ይበረክታል ተብሏል። ትናንት ቡዳ፣ ዛሬ በረከት!

እቤት ሮጬ ገብሱን አወጣሁ። አሁን ጥቁሩ እንደ ትናንቱ እምቢታ አምስት፣ ነጩ ሰባት። ከሃያ ጊዜ በሦስቱ አንድ ጥቁር ብቻ ወጣ፣ ወይም ምንም። ይህም የዕጣ ሥራ ሊሆን ይችላል። ተመልሼ ነገርኋቸው። «ምናለበት፣ ለማንኛውም እይልን!» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ እትየ በላይነሽ ራሷ ደጃችን ቆመች። አንገቷን ደፍታ።

«ልጄ፣ ነገ አንዴ እይልኝ። የናንተንም ነገር እንደገና እናነሣዋለን።»

«ዓይኔ ቅቤ አይከለክልም፤ አይሰጥምም።»

«እሽ፣ ይሁን። ግን እይልኝ።»

ልጅሽን አልፈልግም አልኋት። ይህን ለመናገር ቅንጣት አልከበደኝም። ስለ ቅሉ ግን መልስ አልሰጠሁም። ባየውና ቅቤው እምቢ ቢል፣ እሑድ እንደገና ወይራው ሥር ነኝ። ቢወጣላት ደግሞ በዚህ አገር የሰው ቅል ሳላይ የምውልበት ቀን አይኖርም።

የትኛውን የበለጠ እንደምፈራ አላውቅም።