የተዝካሬ ቁጠባ በቁሜ እንዲከፈለኝ

ቀን፦ መስከረም 16 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለወለላ የቁጠባና ብድር ተቋም
የቦንጋ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ለአቶ ከፈለኝ
ቦንጋ

ጉዳዩ፦ ካልሞትሽ አይከፈልም የተባልኩት የገዛ ገንዘቤ የኮሌጅ ምዝገባ ሳይዘጋ እንዲለቀቅልኝ ስለመጠየቅ

አመልካች በቦንጋ ገበያ ኮረሪማና ማር የምነግድ የተቋማችሁ ደንበኛ ነኝ። ማመልከቻ ጸሐፊው አቶ ዋለ መግቢያው ላይ «በታላቅ ትሕትና» ብሎልኝ ነበር፤ አሰርዤዋለሁ። ትሕትናዬን እናንተ ቢሮ ስመላለስ ጨርሼዋለሁ። ሌላውንም እኔ እንደተናገርኩት እንዲጽፍ ነግሬዋለሁ።

1. ከሁለት ዓመት በፊት ሠራተኞቻችሁ ገበያ መሃል ድምፅ ማጉያ ይዘው መጡ። በስልክዎ በኢንተርኔት ይቆጥቡ፣ ግብዎ እስኪሞላ ማንም አይነካውም፣ እርስዎም ቢሆኑ አይነኩትም አሉ። እኔን ያሸነፈኝ ይኸው «እርስዎም ቢሆኑ» ያሉት ነው። እጄ ላይ ብር አይበረክትም፤ ዘመድ ቸገረኝ ሲለኝ የለኝም ማለት አልችልበትም። ተመዘገብኩ። ከዚያ ወዲህ ከማንኪራ ገጠር ያመጣሁትን ኮረሪማና ማር ሸጬ ስጨርስ፣ እዚያው ዘንቢሌ አጠገብ ቆሜ ትርፉን በስልኬ አስገባለሁ። ለራሴ ጫማ እንኳ ሳልቀይር ነው።

2. በምዝገባው ዕለት ሠራተኛችሁ ወ/ሪት ዝማሬ ከመስኮቱ ወዲያ ሆና ጮክ ብላ «የቁጠባዎ ግብ ምንድን ነው?» አለችኝ። ግቤ ልጄን ሰሎሜ ሣህሌን ጅማ ልኬ ነርስ ማድረግ ነው። ግን የዕድራችን ሰው ግማሹ ከኋላዬ ተሰልፏል። ልጃቸው ማትሪክ የወደቀባቸው እትዬ ላቀች ጆሯቸውን አቁመው አጠገቤ ነበሩ። እርስዎም የዚሁ አገር ሰው ነዎት፤ ለልጅ የታሰበ ነገር በሰው ፊት አይወራም፣ የሰው ዓይን ያርፍበታል። ስለዚህ ወሬውን ለመዝጋት «ለተዝካሬ ነው» አልኩ። ሰልፈኛው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ዝማሬም እየሳቀች ስልኬን ተቀብላ «ሐዘንና ተዝካር» የሚለውን ተጫነች። ይህን ብትነኪ በሕይወት እያለሽ አታወጪውም ያለኝ አንድም ሰው የለም።

3. ባለፈው ነሐሴ ያሰብኩት ሞላ። ስልኬም «እንኳን ደስ አለዎት፣ ግብዎን አሳክተዋል» አለኝ። ላወጣ ስመጣ ግን ይህ ዓይነቱ ቁጠባ የሚከፈለው ለወራሽ፣ እሱም የሞት ማስረጃ ሲቀርብ ብቻ ነው ተባልኩ። ወደ ትምህርት ቀይሩልኝ ብል «ሲስተሙ እምቢ አለ» ነው መልሱ። ሲስተሙን እኔ ነኝ እንዴ ያመጣሁት? እርስዎ ዘንድ ስገባ ደግሞ ከስልክዎ ቀና ሳይሉ ወራሼን ጠየቁኝ። ልጄ ናት አልኩ። «እንግዲያው ምን ያሳስብዎታል፣ ዞሮ ዞሮ ለእሷ ይደርሳታል» አሉኝ። አቶ ከፈለኝ፣ ይህን ለእናትዎ ይሉታል? በቁሜ እኮ ነው የቀበሩኝ።

4. የኮሌጁ ምዝገባ መስከረም 30 ይዘጋል። ልበደር ብል፣ ለተዝካሯ የቆጠበች ሴት ምን ጎደላት ብሎ የሚያበድረኝ ጠፋ። ዘንድሮ ካለፋት ሰሎሜ ከእኔ ጋር ኮረሪማ ስትለቅም ትከርማለች። በሚቀጥለው ዓመት ጠያቂ ይመጣና ትዳራለች፤ ነርስነቱ በዚያው ቀረ ማለት ነው። እኔ ያን ሁሉ የተቸገርኩት ለዚህ አይደለም።

ስለዚህ ግቡ ተስተካክሎ ገንዘቤ ምዝገባው ሳይዘጋ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ። አይሆንም ካላችሁ «ካልሞተች አንከፍልም» የሚለውን ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁና ማኅተም አድርጋችሁ ስጡኝ፤ ለበላይ አካል የማሳየው እሱን ነው። በሕይወት መኖሬን የሚገልጽ የቀበሌ ማስረጃ አያይዣለሁ። የቀበሌው ጸሐፊ እንዲህ ያለ ማስረጃ ጽፎ አያውቅምና ሲጽፍ አፍሮ ነበር።

ዝም ብዬ ልተወው አስቤ ነበር። ግን ትናንት አብራኝ መጥታ የነበረችው ልጄ ከእርስዎ ቢሮ ስንወጣ እጄን ይዛ «እማ፣ ኮሌጁ ይቅርብኝ፤ አንቺ ኑሪልኝ» አለችኝ። ምርጫው ይህ ነው ብላ የተረዳችው እናንተ መስኮት ላይ ቆማ ነው።

ለወጉ ያህል ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ወ/ሮ አሰለፈች ወልደ ማርያም

ግልባጭ፦
ለተቋሙ ዋና መሥሪያ ቤት