ከሐሙስ በፊት ይጥሩት

ለውድ እትዬ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎ? ጭሮ ሰሞኑን በርዷል ሲሉ ሰምቼ ጋቢዎን ይደርባሉ ወይ እያልኩ አስባለሁ። እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በልተን እናድራለን። ደህና ነን ብዬ ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

በስልክ ያልነገርኩዎ ስልካችን አንድ ስለሆነና እሱም ከወንድምዎ ከሽፈራው ኪስ ስለማይወጣ ነው። ጽሕፈቴን ያውቁታል፤ ፊደሉን ቅመም ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ የለቀምኩት ነውና ቢጣመም ይታገሡኝ።

ወንድምዎ ሥራ ማግኘቱን ሲሰሙ እልል ብለው ነበር። እኔም ብዬ ነበር። ከግንባር ተመልሶ ከአልጋና ከደጃፍ ሳይርቅ ከከረመ በኋላ አዲስ መመሪያ ወጣ። የመንግሥት ሥራ የሚወስድ ተቋራጭ ተመላሽ ወታደር ከቀጠረ በጨረታው ነጥብ ይጨመርለታል ተባለ። በኤረር በር በኩል የጎርፍ መውረጃና የድጋፍ ግንብ የሚሠራው ድርጅት እሱንም፣ የጎረቤታችንን የዘይነባን ባል ሪድዋንንም ወሰዳቸው። እትዬ፣ ያን ቀን ሽፈራው ጢሙን ተላጨ። ደመወዝ ሲቀበል ከጊደር መጋላ ገበያ ስኳርና በርበሬ ራሱ ተሸክሞ፣ የሰፈሩን ሰው በስሙ እየጠራ ሰላም እያለ መጣ። ሕጉን ያወጣውን ሰው ሳላውቀው መረቅሁት።

ችግሩ የመጣው በሰጡት ሥራ ነው። ውትድርና ከመግባቱ በፊት የአባታችሁን የግንበኝነት ሙያ ይዞ ነበር። መዶሻ ስጡኝ ብሎ ጠየቃቸው። ፎርማኑ አደም ስቆ፣ «አቦ፣ አንተ ወታደር አይደለህ እንዴ? ድንጋይ ጠራቢማ ሞልቷል!» አለና ክላሽ ሰጠው። ተመላሾቹን ሁሉ ዘበኛ ነው ያደረጓቸው። ነጥቡ የሚሰጠው ለቁጥራቸው ነው፤ እጃቸው ላይ ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም።

የቤታችንን ልማድ ያውቃሉ። ሽፈራውን ከኋላው አንቀርበውም፤ ተኝቶም አንነካውም። ከበር ቆመን ስሙን ጠርተን «እኔ ነኝ» እንላለን፤ «እሺ» ሲል እንገባለን። ጎረቤትም ለምዶታል። ዘይነባ ጨው ልትበደር ስትመጣ ከመታጠፊያው ጀምራ፣ «ሽፌ፣ ዘይነባ ነኝ፣ እንዳትደነግጥ፣ ጨው ብቻ ነው!» እያለች ትጮኻለች፤ እሱም ይስቃል። ለድርጅቱ ሰዎች ግን ይህን አልነገርናቸውም። ቢሰሙ አይቀጥሩትም ብለን ፈራን።

ባለፈው ሳምንት ምሳውን ይዤ ስደርስ ገልባጭ መኪና የጫነውን ድንጋይ ባንዴ ዘረገፈው። ሽፈራው መሬት ላይ ተደፋ። ቀና ሲል መሣሪያው ማንጎ ወደምትሸጠው ወደ ሳዳ ዞሯል። ልጅቷ ማንጎዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ስሙን ጠራሁት፤ አልሰማኝም። ደጋግሜ ጠራሁት። ዓይኑ ወደ እኔ ዞረ፣ አፈሙዙም አብሮ ዞረ። እያየኝ አላወቀኝም፣ እትዬ። ምን ያህል እንደዚያ እንደቆምን እንጃ። ከዚያ ላብ እንዳጠመቀው፣ «ምሳ አመጣሽ?» አለኝ።

ሠራተኞቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ አድርገውታል። ከኋላው ጣውላ ይጥሉና፣ «ኮማንዶ፣ ጠላት ገባ!» ይሉታል። ሪድዋን አንዱን ኮሌታውን ይዞ፣ «መሣሪያው እኮ ጥይት ጎርሷል፣ አንተ እብድ!» ብሎታል አሉ። እነሱ ግን አልተውትም።

ሰሞኑን ደግሞ መመሪያው ምን ጥቅም እንዳመጣ የሚገመግሙ ሰዎች መጡ። ነፃነት የምትባል ትሑት ልጅ ቤታችን ገብታ ጠየቀችን። ተቀጥሯል ወይ? እስካሁን ሥራው ላይ አለ ወይ? ኑሯችሁ ተሻሽሏል ወይ? ሽፈራው፣ «እህቴ፣ ሰው ሆኛለሁ» አላት። ውሸቱን አይደለም። ዘይነባ አጠገቤ ተቀምጣ ዓይኗን ታፈጥብኛለች። አስቀድማ፣ «ወላሂ፣ አንቺ ከተናገርሽ ሁሉንም ነው የሚያስወጧቸው፤ የኔንም ልጆች አስቢ» ብላኝ ነበር። እኔም አዎ፣ ተሻሽሏል አልኩ።

ልሸኛት ስወጣ ግን መንገዱ ላይ ክንዷን ያዝኩ። መሣሪያውን ውሰዱለትና መዶሻ ስጡት አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። «እናቴ፣ እኔ የምጠይቀው ሥራ ላይ መሆኑን ነው። ይህን ከጻፍኩት የሚያባርሩት እሱን ነው» አለችኝ። ልጻፈው ወይስ ይቅር ብላ ጠየቀችኝ። ሳልመልስላት ሽፈራው በሩ ላይ ብቅ አለ።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝን ልንገርዎ። ሐሙስ ግንቡ ይመረቃል። ሕጉ ፍሬ ማፍራቱ እንዲታይ ሽፈራው ተመርጧል፤ መሣሪያውን ይዞ መድረኩ አጠገብ ይቆማል። የትምህርት ቤት ልጆች ይዘምራሉ፣ ከዚያ ርችት ይተኮሳል። አደም ደስ ብሎት ነው የነገረኝ። ተው፣ ርችቱ ይቅር ብዬ ለመንኩት። «ወታደር ደግሞ ርችት ይፈራል እንዴ? አይዞሽ አቦ!» ብሎኝ ሄደ። ሽፈራውን እንዲቀር ብለምነው፣ «በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?» አለኝና የደንብ ልብሱን መተኮስ ቀጠለ። እትዬ፣ እንደዚያ ደስ ብሎት ካየሁት ዘመን ሆኖኛል። ፍርሃቴን ያባሰውም ይኸው ነው።

እርስዎ ያሳደጉት ነውና ቃልዎን አይጥልም። ግድግዳዬ ፈረሰ፣ ካንተ በቀር የሚያቆምልኝ የለም ብለው ይደውሉለት። ረቡዕ እንዲነሳ ያድርጉ። ግድግዳው ደህና እንደሆነ አንዱን ጥግ አፍርሰው ይጠብቁት፤ ድንጋይ ከነካ እጁ ይረጋጋል። እኔ መጻፌን ግን አይንገሩት። እምቢ ካለዎ እኔም ሐሙስ ከአጠገቡ አልለይም።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልዎ ልጃችን ናት። ለጥቂት ቀን አክስትሽን ጠይቂ ብያታለሁ። ሻንጣዋ ቢከብድ አይገረሙ፤ የብርዱንም የሙቀቱንም ልብስ አስሬላታለሁ፣ የልደት ወረቀቷና የትምህርት ቤት መሸኛዋም ከታች አለ። ፀጉሯን ሲሠሩላት አያጥብቁባት፣ ራሷን ያማታል። ጨለማ ትፈራለች፤ አልፈራም ብትልም አይመኗት።

አንቺስ መቼ ትመጪያለሽ ብላ ጠየቀችኝ። ከሐሙስ በኋላ አልኳት።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ቤትዎን ሰላም ያድርግልዎ፤ ለልጄም እናት ያድርግዎ።

የወንድምዎ ሚስት
ከሐረር