ከሚዛን በኋላ የጨመርኩት

ለምሳሳልህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት አደረገህ? ባለፈው እማዬ በስልክ «አባትሽ ከአውቶቡሱ ሲወርድ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል» ስትለኝ አብሬያት ስቄ ነበር፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አሳብ ያዘኝ። እባክህ ሐኪሙ ያዘዘልህን ትራስ ከመንጃ ወንበርህ ላይ አታንሳው። የእማዬ ደም ግፊትስ? ወንድም ጋሼ አዲሱን ሥራ ወደደው? ትንሿ እህቴስ አሁንም ትምህርት ቤት በር ላይ ታለቅሳለች ወይስ ለመደች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አካሌ ደህና ነው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ፊቴን የማስገባበት ግን ጠፍቶኛል። በስልክ ፋንታ በደብዳቤ የመጣሁትም ድምፅህን እየሰማሁ ይህን መናገር ስላልቻልኩ ነው።

መጀመሪያ ደህናውን ልንገርህ። አውሮፕላን ብቻዬን አብርሬያለሁ። አስተማሪዬ ከጎኔ ወርዶ በሩን ዘጋና «በይ ሂጂ» አለኝ፤ እኔም ሄድኩ። ሳርፍ ጎማው ሁለቴ ነጠረ። አንተ ብትኖር «ይህቺ ልጅ ጉድጓድ አትመርጥም» ትል ነበር። ይህን አስተማሪ ተማሪው ሁሉ ጋሽ ሚዛን ነው የሚለው። ከመነሳታችን በፊት ሰውን፣ ሻንጣን፣ የመጽሐፍ ቅዱሱን ካርቶን ሳይቀር ይመዝናል። «መንገድ ላይ ትርፍ የጫነን ትራፊክ ይቀጣዋል፤ ሰማይ ላይ ትርፍ የጫነን የሚቀጣው መሬት ነው» ይላል። ይህን በሰማሁ ቁጥር አንተ ትዝ ትለኛለህ።

እኛ ተማሪዎች በየተራ ለወንጌል አገልግሎት ወደ ገጠር እንወጣለን። የእኔ ተራ ሲደርስ ከጋሽ ሚዛን ጋር መድኃኒትና መጻሕፍት ጭነን መኪና ወደማይገባበት መንደር ሄድን። ሻንጣዬ ተመዘነ፣ ልክ ነው ተባለ። እሱ ነዳጅ ሊያይ ዘወር ሲል ግን ለብቻ ያዘጋጀሁትን ጨመርኩበት። ምን መሰለህ? የሰርዲን ቆርቆሮ፣ የወተት ዱቄት፣ በጠርሙስ ያለ ማርማላታ፣ ተጨማሪ ጫማ፣ ደግሞም፣ አትሳቅብኝ፣ ካውያ። መብራት በሌለበት አገር ካውያ! እሁድ ስዘምር ቀሚሴ እንዳይጨማደድ ብዬ ነው። ምግቡን የያዝኩት ከእኔ በፊት የሄዱት «እዚያ ሆድሽን ጠብቂ» ስላሉኝ ነው። ስንሄድ ከረጅም አስፋልት ላይ ስለተነሳን ምንም አልታወቀም።

ያረፍኩት የአውሮፕላን ማረፊያውን ሳር በማጭድ የሚያጭዱት ሽማግሌ ቤት ነበር። ሚስትየው አልጋቸውን ለቀውልኝ ነፍሰ ጡር ልጃቸው አጠገብ መሬት ላይ አነጠፉ። የሚያቀርቡልኝን ጥቂት ቀማምሼ «ጠግቤያለሁ» እላለሁ፤ ከዚያ የክፍሌን በር ዘግቼ ቆርቆሮ እከፍታለሁ። ቀን ቀን ደግሞ የመንደሩን ሕፃናት ሰብስቤ ስለ መካፈል አስተምራለሁ። አባዬ፣ ይህን ስጽፍ እጄ ራሱ ያፍራል።

ልንመለስ በተዘጋጀንበት ቀን ያቺ ልጅ ምጥ ላይ ነበረች፤ ስታምጥ አድራ አልሆነላትም። የጤና ሠራተኛው ሆስፒታል ካልደረሰች እንደማትተርፍ ተናገረ። ጋሽ ሚዛን ልጅቷንና እናቷን መዘነ፣ ነዳጁን አሰላ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ሻንጣሽ ላይ የጨመርሽው ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ኧረ ምንም» አልኩ። እንዲህ በቀላሉ ነው ከአፌ የወጣው።

ሳሩ ላይ ሮጥን። ፍጥነቱን እያነበብኩ የምጠራው እኔ ነበርኩ። የፍጥነት መለኪያው መርፌ መውጣት ሲገባው ይለግማል፤ ከፊታችን ያለው ቁጥቋጦ እየቀረበ መጣ፤ ልጅቷ ከኋላዬ ታቃስታለች። ጋሽ ሚዛን ድንገት ሞተሩን ቀንሶ ፍሬን ያዘ። ተንሸራተን ተንሸራተን ቁጥቋጦው አፍ ላይ ቆምን።

ወረደና ሻንጣዬን በእጅ ሚዛኑ ላይ ሰቀለው። ቁጥሩን አየ፣ ቀጥሎ ዓይኔን አየ። «ክፈቺው» አለ። ሊሸኘን የወጣው መንደርተኛ ሁሉ ሮጦ ከቦናል። ዕቃዬ አንድ በአንድ ሳሩ ላይ ተዘረገፈ። ካውያው ሲወጣ አንዱ ከልቡ «ይሄ የሞተሩ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ የሳቀ አልነበረም። ከዚያ ቆርቆሮዎቹ ተንኳኩ። እናትየዋ የልጃቸውን ራስ እንደደገፉ በአውሮፕላኑ በር በኩል ያያሉ። የእርግማን ውርጅብኝ ስጠብቅ «ልጄ፣ ርቦሽ ነበር እንዴ? ምነው ሳትነግሪኝ?» አሉኝ። ወደ ባላቸውም ዞረው «ጉዴ ፈላ፣ እንግዳ አስርቤ ነው ለካ የማሳድረው» አሉ። አባዬ፣ ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት! የእኔን እፍረት አንስተው እሳቸው ተከናነቡት።

ጋሽ ሚዛን ሰማዩን አየና «ፀሐይዋ ከርራለች። አየሩ ከሞቀ አይሸከመንም፤ ሻንጣው ብቻ ቢወርድ አይበቃም፣ ሰውም ይቀራል» አለ። እናትየዋ ለመውረድ ሲነሱ ነው አፌ የተፈታው። «እኔ ነኝ የምቀረው» አልኩ። ጀግንነት እንዳይመስልህ፤ ታዲያ ማን ሊቀር ኖሯል? አውሮፕላኑ ቁጥቋጦውን ሲያልፍ ጎማው ቅጠሉን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ሽማግሌው የተበተነውን ዕቃዬን ለቅመው፣ አቧራውን አራግፈው ወደ ቤት ይዘውልኝ ገቡ። ስልክ የለ፣ ወሬ የለ። ልጃቸው ትሙት ትዳን አናውቅም። ሁለታችንም እህል አልቀመስን። በኋላ እንደ ምንም ብዬ ሰርዲን ከፍቼ አቀረብኩላቸው። አንዴ ጎረሱና ረጅም ጊዜ አላመጡት። «ይሄንንስ ተደብቆ መብላት ነው የሚያዋጣው፤ ሰው ፊት የሚበላ አይደለም» አሉኝ። ሳቅሁ፤ ሳቄ ሳላውቀው ልቅሶ ሆነ። ያን ጊዜ «ተይ ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። ሳሩን ሳላጭደው ሰንብቼ ጎማውን ሳይዘው አልቀረም» አሉ። ውሸታቸውን ነው፤ በደረስን ማግስት ጎንበስ ብለው ከዳር እስከ ዳር ሲያጭዱት አይቻለሁ። ባልና ሚስት የእኔን ጥፋት ተሻሙበት።

በሦስተኛው ቀን አውሮፕላኑ መጣ። ልጅቷ በቀዶ ጥገና ወልዳለች፤ እሷም ሕፃኗም ተርፈዋል። እልል አልን። እናትየዋ ከአውሮፕላኑ ወርደው ሳሙኝና ፌስታል ዘረጉልኝ፤ ከሆስፒታሉ በር ላይ የተገዛ ሰርዲን ነው። «የምትወጂውን አገኘሁልሽ» አሉኝ። ዝቅ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው። ስንመለስ አየር ላይ እንዳለን ለጋሽ ሚዛን «እንኳን ተረፈች» ስለው፣ «እንኳን ተረፈች። ስለተረፈች ግን ውሸትሽ አልቀለለም» አለኝ።

ትምህርት ቤቱ እስከ መጪው መንፈቅ ዓመት ከበረራ አግዶኛል። አንዳንዶቹ ትባረር ብለው ነበር፤ «ትቆይ፣ ግን ሚዛኑ ላይ ትሥራ» ብሎ ያስቀረኝ ጋሽ ሚዛን ነው። አሁን የሰው ሻንጣ እመዝናለሁ። የጸሎት ቤቱ ኃላፊ ደግሞ በጉባኤ ፊት ምስክርነት እንድሰጥ ጠርተውኝ፣ እናትና ልጅ እንዴት እንደዳኑ ብቻ እንድናገር፣ «የሻንጣውን ነገር ብትተዪው ለሰሚው ይሻላል» አሉኝ። ተነሥቼ ካውያውን ሳላስቀር ሁሉንም ተናገርኩ። ኋላ የተቀመጡት ሳቁ። አሁንም በኮሪደሩ ሳልፍ «ካውያ መጣች» ይሉኛል፤ ስም ወጥቶልኛል።

እማዬ በምእመናኑ ፊት ቆማ «ልጄ ነፍስ አዳነች» ማለቷን ከአክስቴ ሰማሁ። እኔ ያዳንኩት ነፍስ የለም፤ ልትሞት የደረሰችውን ሆስፒታል እንዳትደርስ ነው ያዘገየኋት። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለእማዬ ጮክ ብለህ አንብብላት፤ ደስ የማይለውን ቦታ አትዝለል። ምርቃቴም ስለዘገየ ሙሉ ልብሱን አሁን እንዳታሰፋ። ትርፍ አልጭንም እያልክ ተሳፋሪ ስታወርድ ሰዉ «ይሄ ግትር» እያለ ሲሰድብህ፣ አንተ ዝም ብለህ ማርሽ ታስገባ ነበር። ያ ዝምታህ ምን ያህል እንደሚከብድ አሁን ነው የገባኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስመህ ይቅርታ ጠይቅልኝ። ወንድም ጋሼን አንገቱን አቅፈህ ሰላም በልልኝ፤ ሊስቅብኝ እንደሚችል ንገረው። ትንሿን ጉንጮቿን ሳምልኝ። አክስቴንና ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ሰላም በልልኝ። አንተ ደግሞ አባዬ፣ ልትቆጣኝ ብትፈልግ ተቆጣኝ። «እኔ ነኝ በደንብ ያላሳደግኳት» ብለህ ግን ጥፋቴን እንዳትወስድብኝ። የእኔ ነው፤ ልሸከመው።

የምትወድህ ልጅህ

ከትምህርት ቤቱ የሴቶች መኝታ ቤት፣
እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ግንቦት 17 ቀን